እጅ ስለ ማንሳት

ነሐሴ 9 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ። ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ውጭ ዝናብ ይወርዳል። እኔ ለክረምት ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ወደ እናቴ ቤት፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የተመለስሁ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከጓደኞቼ ጋር ገብተን የተቀመጥንባት ሻይ ቤት ቴሌቪዥኗን ጣሪያ ሊነካ ጥቂት ከቀረው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለች፤ ከሥሯ እርጥብ ጋቢና እርጥብ ጃኬት የለበሰ ሕዝብ አንገቱን ቀና አድርጎ ይጠብቃል። በርሊን ላይ በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ሊሮጥ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ማርቆስ የሚጠብቀው እንደ ወትሮው "የኢትዮጵያን ልጆች" ብቻ አልነበረም። ከመካከላቸው አንዷ፣ መሰለች መልካሙ፣ የዚችው ከተማ ልጅ ናት።

ለመጠበቅም ምክንያት ነበረን። መሰለች ከሁለት ወር በፊት፣ ሰኔ 7 ቀን፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ ኡትሬክት በተባለች ከተማ ርቀቱን በ29 ደቂቃ ከ53.80 ሰከንድ ጨርሳ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ሰብራለች። በዚያን ጊዜ በዓለም ታሪክ ከእርሷ የፈጠነች ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ፣ እርሷም በ1993 እ.ኤ.አ.። ጥሩነሽ ዲባባ ደግሞ በጉዳት ምክንያት በርሊን ላይ አልተሰለፈችም። ስለዚህ ሻይ ቤታችን ወርቁን ከሩጫው በፊት ተቀብላ፣ ሸልማ፣ "በስሟ መንገድ ይሰየም አይሰየም" በሚል ክርክር ተጠምዳ ነበር።

ሃያ አምስቱ ዙር እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም። የማስታውሰው መጨረሻውን ነው። ቀጥታው መንገድ ላይ የእኛ ልጅ ከፊት ወጣች። ሻይ ቤቷ በአንድ ጊዜ ተነሣች፤ ከኋላዬ ብርጭቆ ተሰበረ። ወደ መስመሩ ጥቂት ርምጃ ሲቀራት መሰለች ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አነሳች። በዚያችው ቅጽበት ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ ከጎኗ ሾልካ አለፈች። ማሳይ 30 ደቂቃ ከ51.24፣ መሰለች 30 ደቂቃ ከ51.34። የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ! በእነርሱ ፍጥነት ሲሰላ አንድ ርምጃ እንኳ አይሞላም። ሦስተኛ የወጣችው ውዴ አያሌው ነበረች፤ እርሷም የጎጃም ልጅ ናት። በዓለም ሻምፒዮና ሽልማት መድረክ ላይ ከሦስት ሴቶች ሁለቱ የጎጃም ልጆች ሆነው ሊቆሙ ነው ማለት ነው፤ ከመካከላችን ግን ይህን የቆጠረ አንድም ሰው አልነበረም።

እኛ የቆጠርነው እጇን ነው። "ኩራት ነው የጣላት።" "ላም አለኝ በሰማይ አሉ።" "ምን አስቸኮላት?" ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ይኸው ነበር ወሬው። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ ለሁሉ ነገር ግጥም የምጽፍ ልጅ ስለ ነበርሁ፣ ማታውኑ በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ ስድስት መስመር ጻፍሁ። ቤት መምታቷን አውቃለሁ። ጓደኞቼ ወደዷት፤ በማግሥቱ ለሌሎች አነበቧት፤ በሳምንቱ ከማላውቀው ልጅ አፍ ሰማኋት። እዚህ አልጠቅሳትም። በሕይወቴ ከጻፍኋቸው ግጥሞች ሁሉ በአፍ የተወራችው እርሷ ብቻ መሆኗ ሳያንስ፣ የምታላግጠው በአሥር ሺህ ሜትር ከዓለም ሁለተኛ በወጣች የከተማዬ ልጅ ላይ ነበር።

ይህን ሁሉ የማነሳው ስለ እህቴ ልጅ ለመናገር ነው።

እህቴ ገጠር የምታስተምር ስለ ሆነች ልጇ ከእናቴና ከእኔ ጋር አድጋለች። ሯጭ መሆኗን ያወቅነው በዳቦ ነው። ጧት ዳቦ ስትላክ ሻዩ ሳይፈላ ትመለሳለች። እናቴ በመጀመሪያ ዳቦ ቤቱ የቀረበ መስሏት ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት የስፖርት መምህሯ አይቶ መረጣትና ከሌሎች ልጆች ጋር ጧት በ12 ሰዓት ወደ አማኑኤል በሚወስደው አስፋልት ዳር መሮጥ ጀመረች። እኔም በባንክ ሠራተኛ ደመወዜ ደህና ጫማ ገዛሁላት፤ ከዚያም ጫማ የገዛ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው መካሪ ሆንሁ።

ምክሬ ምን ነበር? የመሰለች ታሪክ! "ተጠንቀቂ፤ መስመሩን ሳታልፊ አሸነፍሁ እንዳትዪ፤ የከተማችን ልጅ በርሊን ላይ ምን እንደ ሆነች ታውቂያለሽ?" እያልሁ፣ ያችን ስድስት መስመርም ጨምሬ ነገርኋት። እርሷ ሳቀች። እኔ የሳቀችው ስለ ገባት መሰለኝ።

ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በከተማችን የትምህርት ቤቶች ውድድር ተደረገ። እርሷ በ1,500 ሜትር ተሰለፈች። እኔም ከሥራ አስፈቅጄ ሄድሁ። ሜዳው በኖራ ተሰምሯል፤ አቧራው ከኖራው ጋር ይነሣል። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲመታ ከሁሉ ትቀድማለች፤ ቀጥታው መንገድ ላይ ስትገባ ከምትከተላት ልጅ ጋር አሥር ርምጃ ያህል ይራራቃሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ አየች። ጥቂት ሮጣ ደግማ ዞረች። ሦስተኛ ስትዞር ርምጃዋ ተሰበረ፤ ያችኛዋ ልጅ ደርሳ አለፈቻት። ሁለተኛ ወጣች።

ወደ ቤት ስንመለስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አደባባይ እስክናልፍ ድረስ ዝም አልን። ከዚያ፣ "ምን ነካሽ? ማን አለ ብለሽ ነው የምትዞሪ?" አልኋት።

"እንደ መሰለች እንዳልሆን ብዬ ነው፣ ጋሼ" አለችኝ።

መንገድ ላይ መቆሜን አስታውሳለሁ። አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋብኝ።

በአገራችን፣ በተለይ በእኛ በጎጃም፣ ልጅን በፊቱ ማመስገን ነውር ነው። ምክንያቱ ክፋት አይደለም። እናቴ አንድ ሰው ልጅቱን "እንዴት ያለች ፈጣን ናት!" ሲላት ከሰማች ፊቷ ይለዋወጣል፤ "ከዓይን ያውጣሽ በሉ" ትላለች፤ ሰውየው እስኪል ድረስም ትጠብቀዋለች። የሚያምር ልጅ ይሸፈናል፤ የሚያውቅ ልጅ ዝም ይባላል። "ጨዋ ልጅ አንገቱን ይደፋል" ተብሎ ያደገ ሰው የደፋውን አንገት ቀና አድርጎ ከፊት ሩጥ ሲባል ግራ ይገባዋል። ትሕትናን የሚያህል ጌጥ የለም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ትሕትናን በሚያስተምሩበት ቋንቋ ፍርሃትን ማስተማርም ይቻላል፤ ልጁ ሁለቱን መለየት የሚችለው እንዴት ነው? እኔ ራሴ በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ግጥም ባነበብሁ ቁጥር "ይቅርታ፣ ይኽ ነገር እንኳ ግጥም አይባልም፣ ግን..." ብዬ ካልጀመርሁ አንደበቴ አይፈታም።

ከዚያ ቀን በኋላ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ፣ መስኮቴ ላይ ተቀምጬ፣ ቀድሞ ልብ ያላልሁትን ነገር ማየት ጀመርሁ። ከገጠር የሚመጡ ደንበኞች አሉን፤ ብዙዎቹ መፈረም ይችላሉ። ሒሳብ ሲከፍቱ ማንም ትኩር ብሎ ስለማያያቸው ፊርማቸው ቀጥ ያለ ነው። ገንዘብ ሊያወጡ ሲመጡ ግን ወረቀቱን እንገፋላቸውና "እንደ በፊቱ ይፈርሙ፣ እንዳይለይ!" እንላቸዋለን። ያን ጊዜ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ፊርማው ይለያል። እኛም እንመልሳለን፤ "ድገሙት" እንላለን፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። አንድ ሽማግሌ ሦስተኛው ላይ ብዕሩን አስቀምጠው፣ "ልጄ፣ ቀለሙን አምጣው፤ በጣቴ ልርገጥልህ" አሉኝ። ሰውየው እኮ መጻፍ ይችላሉ። እንዳይሳሳቱ ብዬ በማስጠንቀቄ ያስረሳኋቸው እኔ ነኝ። በየቀኑ በመስታወት ውስጥ ሆኜ የማደርገውን ነው በልጅቱ ላይ ያደረግሁት።

ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ሰዎችን ማንበብ ጀመርሁ። ካናዳ ተወልዶ አሜሪካ ሲያስተምር የኖረው የሥነ ልቡና ሊቅ አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ አንድ ሰው "ይህን ሥራ እችለዋለሁ" የሚለውን እምነት ከአራት ምንጮች እንደሚቀዳ ይናገራል። ከሁሉ የሚጠነክረው ሰውየው ራሱ ሠርቶ ያየው ነው። ቀጥሎ እርሱን የሚመስል ሰው ሲሠራው ማየት። ከዚያ የሌላ ሰው ቃል፤ "አይዞህ፣ ትችላለህ" የሚለው። በመጨረሻም የገዛ ሰውነቱን ስሜት፣ የልቡን ምትና የእጁን መርበትበት፣ የሚተረጉምበት መንገድ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ የእኔ ድርሻ ነው። ቃል ብቻዋን ደካማ ናት፤ ለማነጽ ደካማ፣ ለማፍረስ ግን ብርቱ። እኔ ደግሞ ከቃል ሌላ ያዋጣሁት የለም፤ ከጫማው በቀር።

ባንዱራ ሳይወለድ ግን የእኛ የቅኔ ቤቶች ይህን ያውቁት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አያቴ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ። እንደ ነገሩኝ አዲስ ተማሪ በመጀመሪያ የሚቆጥረው ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃናን ነው። ሁለት ቤት! ቀኑን ሙሉ ከዛፍ ሥር፣ ከመቃብር ዳር ተቀምጦ ሁለት ቤት ይቆጥራል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ የተጣመመውን ያቀናሉ፤ የቀናውን ግን አያሞግሱም፤ ወደሚቀጥለው ያሳልፉታል። ማለፉ ነው ምስጋናው። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ሲደርስ፣ ያ ገና ሲመጣ ውሻ እየፈራ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" ለማለት የሚያፍር ልጅ፣ በበዓል ቀን በካህናት መካከል ቆሞ ቅኔውን ያዘንባል። "ትችላለህ" ያለው ሰው የለም። ትናንት የቆጠረው ነው ዛሬ የሚያቆመው። አያቴ ይህን ሲናገሩ አንገታቸው ደፍቶ አያውቅም ነበር፤ ጨዋም ነበሩ።

ሁለተኛውን ምንጭ ያየሁት ደግሞ በቆጂን ሳስብ ነው። አርሲ ውስጥ ያለችው ያቺ ትንሽ ከተማ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን ያወጣች ናት፤ የእነዚህን ሁሉ የልጅነት ሩጫ የያዘው አንድ የትምህርት ቤት መምህር፣ ስንታየሁ እሸቱ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ከፍታ አለው፣ ይባላል። ይሁን፤ እኛስ ከጮቄ ሥር የተቀመጥን ሰዎች አይደለን? ከፍታ ብቻ ቢሆን ማርቆስም አያንስም። የበቆጂ ልጅ ግን ደራርቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታመጣ ያየችው በዚያው በእርሷ መንገድ ስትሮጥ የነበረችን ልጅ ነው። "እርሷ ከቻለች..." ማለት ትችላለች። እኛም እኮ ነበረችን! እንደ እኛው ያደገች፣ በ1996 ዓ.ም. የዓለም ወጣት ሴቶች አገር አቋራጭ ሻምፒዮን የሆነች፣ የአፍሪካን ክብረ ወሰን የሰበረች ልጅ ነበረችን። እኛ ግን ከሮጠችው ሁሉ አንዲቷን ቅጽበት መርጠን ማስፈራሪያ አደረግናት። አራስ ቤት እንዳለ ሕፃን "ጅቡ መጣ" እያልን በእርሷ ልጆች አስፈራራንባት። እጁን ቀድሞ ያነሳው ደግሞ ማን ነበር? ከሩጫው በፊት መንገድ ሲሰይም ያመሸው ማን ነበር?

ወደ ስፖርት መምህሯ ሄጄ ሁሉን ነገርሁት። ከእኔ ዕድሜ ብዙ የማይርቅ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ሰምቶ ሲያበቃ፣ "ወንድሜ፣ እንግዲያው ለአንድ ወር ሜዳ አትምጣ" አለኝ። ትንሽ ተቀየምሁ፤ አልሄድሁም ግን።

ያደረገውን በኋላ ነው ከእርሷ የሰማሁት። በመጀመሪያው ሳምንት ከሌሎቹ ልጆች ፊት አንድ ዙር ብቻ እንድትመራ አደረገ፤ ሌሎቹ እንዳይቀድሟት ታዘዋል። መቅደም ሳይሆን ከፊት መሆንን ብቻ ነበር የሚያለማምዳት። የሚከተል ሰው ጀርባዋ ላይ ሲተነፍስ ምን እንደሚሰማት፣ ከፊቷ ማንም ሳይኖር ፍጥነቷን በምን እንደምትለካ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ዙር። በሦስተኛው፣ መጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ ሌሎቹ እንዲቀድሟት ፈቀደ። ወደ ኋላ መዞርን አልከለከላትም፤ "ጆሮ ለምን ተሰጠሽ? ኮቴ ስሚ" አላት። አትዙሪ ቢላት ኖሮ ስለ መዞር ስታስብ ትውል ነበር፤ ይህን እኔ መቼም አላስበውም።

ሌላም ነበር። ከውድድር በፊት ሆዷን ይቆርጣት ጀመር። እናቴ ዓይን ነው ብላ ጸበል አመጣች፤ እኔ ያበላናት ምግብ ነው አልሁ። እርሱ ግን፣ "ጥሩ ነው፤ ሰውነትሽ ሊሮጥ መሆኑን አውቆ ነው፤ የማይቆርጣት ሯጭ የለችም" አላት። ከዚያ በኋላ ሕመሙ አልጠፋም። ነገር ግን ሲመጣ፣ "መጣ" ብላ ጫማዋን ታስራለች። በውድድር ቀን ጧት ደግሞ ምክር እንዳልሰጣት አጥብቆ ነገረኝ፤ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አለኝ። ስንት ጊዜ የሰማሁት ተረት ነው፤ ስለ ሩጫ መሆኑን ግን ያን ቀን ነው ያወቅሁት!

የእኔ ድርሻ ደብተር ሆነ። ከመሥሪያ ቤቴ አመል የመጣ ነው፤ እኛ ሰዎች በመዝገብ ያልሰፈረ ነገር አናምንም። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ገዝቼ አምድ አሰመርሁላት፤ ቀን፣ ርቀት፣ ሰዓት። አስተያየት የሚል አምድ አልጨመርሁም። እርሷ ራሷ በቀይ ብዕር አራተኛ አምድ አሰመረችና ከላዩ "ዞርሁ" ብላ ጻፈችበት። ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንዳየች የምትመዘግብበት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ገጽ እንዲህ ይላል፤ 4፣ 3፣ 5፣ 3።

መጋቢት አጋማሽ ላይ አንድ እሑድ ያንን የበርሊን ሩጫ በስልኬ አገኘሁት። ኢንተርኔቱ እየተንገታገተ ማርከሻ የሌለው ጊዜ ወሰደ። አብረን አየነው። እኔ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የማየው፤ ካሰብሁት ሁሉ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ከአንደኛዋ እስከ አምስተኛዋ ድረስ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ተከታትለው ነው የገቡት። ከመካከላቸው መሠረት ደፋር አለች። ያ ሁሉ የዓለም ኃያል በአንድ ቀጥታ መንገድ ላይ ተጨናንቆ የእኛዋ ከፊት ናት።

ልጅቱ አራት ጊዜ መልሳ አየችው። ከዚያ፣ "ጋሼ" አለችኝ፤ "እጇን ለማንሳት እኮ መጀመሪያ ከፊት መሆን አለባት።"

"አዎን።"

"እርስዎ ከኋላ ያለች ነበር ያስመሰሏት።"

ምንም አልመለስሁላትም። ሌላ ነገር ፈልጌ አሳየኋት። ጥቅምት 18 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከበርሊን ሦስት ዓመት በኋላ፣ እዚያው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ላይ፣ መሰለች በሕይወቷ የመጀመሪያውን ማራቶን ሮጠች፤ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ አንደኛ ወጣች። አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር። በርሊን ላይ የደረሰባትን የሚያውቅ ሰው በሞላበት አገር። የውዴ ታናሽ እህት ሕይወት አያሌውም በ2013 እ.ኤ.አ. በፖላንድ የዓለም አገር አቋራጭ ሁለተኛ ወጥታለች። ለእነዚህ ቀናት ግጥም አልጻፍሁም ነበር። ለፍራንክፈርቱ አሁን ልሞክር ብዬ ሦስት ሌሊት ተቀመጥሁ፤ ቤት አልመታ አለኝ። ማላገጥ እንዴት ይቀል ኖሯል!

ግንቦት ላይ ሌላ ውድድር መጣ። ከሌሎች ወረዳዎችም ልጆች ተሰብስበዋል፤ ብዙዎቹ ከእርሷ ይረዝማሉ፤ ሁለቱ ሹል ያለው የሩጫ ጫማ አድርገዋል። በዚህ ጊዜ የምትሮጠው 3,000 ሜትር ነው። ጧት ምንም አላልኋት። እናቴ ግን ከበር ላይ ቆማ፣ እንደ ልማዷ ዝም ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ነይ እስቲ" አለቻትና ነጠላዋን አስተካክላ ጉንጯን ሳመቻት፤ "ሩጫሽን ያየሁት እኔ ነኝ። ጎበዝ ነሽ። ከዓይን ያውጣሽ" አለቻት። በአንድ እስትንፋስ፣ ሁለቱንም። እናቴ መች እንዳየቻት እስከ ዛሬ አልነገረችንም።

እኔ ከሜዳው ራቅ ብሎ ካለ ባሕር ዛፍ ሥር ቆምሁ። የወሩ ክልከላ ካለፈ ቆይቷል፤ ቢሆንም አልደፈርሁም። በስልኬ ሰዓት ያዝሁ። አራት ዙር መራች። አምስተኛው ላይ ከረጃጅሞቹ አንዷ አለፈቻት፤ እርሷ ግን ርምጃዋ አልተበላሸም። ስድስተኛው ላይ ሌላዋ አለፈች። ደወሉ ሲመታ ሦስተኛ ነበረች። ቀጥታው መንገድ ላይ ስትገባ ግን... እውነቱን ልናገር፣ ዓይኔን ጨፈንሁ። ዘወር ስትል ማየት አልፈለግሁም። ጩኸቱን ሰማሁ፤ ሳየው አራተኛ ገብታ በጉልበቷ ላይ ተደግፋ ትተነፍሳለች።

መምህሯ አጠገቧ ሄዶ የሆነ ነገር አላት፤ አልሰማሁትም። ከዚያ እያነከሰች ወደ እኔ መጣች። ፊቷ በአቧራ ተሸፍኗል፤ አላለቀሰችም።

"ስንት ያዙልኝ፣ ጋሼ?"

"አሥራ አንድ ደቂቃ ከስምንት።"

ከዚያ በፊት በደብተሯ ያለው የተሻለው ሰዓቷ 11 ደቂቃ ከ31 ነበር። ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች፤ የእኔን ብዕር ተቀበለችኝ፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቀኑን ጻፈች፣ 3,000 ሜትር ብላ ጻፈች፣ 11፡08 ብላ ጻፈች፣ ከጎኑም በትንሹ 4ኛ ብላ ጨመረች። ቀዩ አምድ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"አልዞርሁም አይደል? እርስዎ አይተዋል።"

"አላየሁም" አልኋት። "አንቺ ነሽ የምታውቂው።"

ትንሽ አሰበች። ከዚያ 0 ጻፈችና ብዕሬን መለሰችልኝ።